ሰባቱ ጋኖችና የቅዳሜው ጆንያ

ይህ ነገር የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ ነው፤ መሠረተ ትምህርት ገብቼ ስሜን መጻፍ በተማርሁ በዓመቱ። ብዙ ዘመን አልፏል። ከአእምሮዬ ያልወጣው ግን ቂመኛ ስለሆንሁ ነው፤ አልደብቅም። «እኔ ቂም አላውቅም» የሚል ሰው ብዙ ሰምቻለሁ። እኔ አውቃለሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የተባለው ለእኔ ዓይነቱ ሰው ነው።

ያን ጊዜ ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ብዙም በማይርቅ ሰፈር፣ ጠላ እየጠመቅሁ ልጆቼን አሳድግ ነበር። ባሌ ሞቶብኛል። ሀብቴ አንዲት ላም፣ ሁለት ክፍል ቤት፣ ጓሮ ውስጥ ጥቂት ጌሾና ሰባት ጋን ነበር። ጋኖቹ የእናቴ ናቸው። እናቴ የቁንዝላ ሰው ነበረች፤ ባሌ ሲሞትብኝ ልታግዘኝ ስትመጣ ሰባቱንም በገለባ ጠቅልላ በጀልባ አሻግራ አመጣቻቸው። ሐይቁ ያን ቀን ማዕበል ነበረው ብላ ስታወራ ኖራለች። አንዱም አልተሰነጠቀም። እሷ ካረፈች በኋላ ጋን ባጠንሁ ቁጥር ከጎኔ የቆመች ይመስለኝ ነበር።

ሰው ጠላዬን ይወድ ነበር። ከፋብሪካ የሚወጡት ሠራተኞች ቅዳሜ ከሰዓት ግቢዬን ይሞሉታል። ችግሩ አተላው ነበር። ጥቂቱን ለላሟ እሰጣለሁ፤ የተረፈውን ከደጄ ባለው ቦይ እደፋለሁ። ቦዩ ደግሞ ቀጥ ብሎ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። በእርግጥ ይገማ ነበር፤ ዝንቡም አይጣል ነው። ብቻዬን ግን አልነበርሁም። የሰፈሩ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የዶሮ አንጀት፣ የበሰበሰ ቲማቲም ሁሉ የሚጣለው እዚያው ነው።

ፈንታሁን የሚባል ሰው የቀበሌያችን የጽዳት ኮሚቴ ሊቀመንበር ነበር። ያኔ «ጓድ ፈንታሁን» ካላልነው አይሰማንም። ቤቱ ከእኔ ጋር አጥር ለአጥር ነው። ሚስቱ አንጓችም ጠላ ትጠምቃለች። ጠላዋን መጥፎ ነበር አልልም፤ ሰው ግን የእሷን በር አልፎ ወደ እኔ ይመጣል። ነገሩ ሁሉ የተነሣው ከዚህ ነው፤ ጽዳት ያሉት ስሙ ነው።

በሰሙነ ሕማማት፣ ለፋሲካ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ፈንታሁን አራት የአብዮት ጥበቃዎች አስከትሎ መጣ። ቦዩን ያገማሁት እኔ እንደሆንሁ፣ ሰፊውን ሕዝብ በበሽታ ልፈጅ እንደተነሣሁ ቆሞ ተናገረ። አተላውን በእንስራ ተሸክሜ ሩቅ ወስጄ እደፋለሁ ብዬ ለመንሁት። እግሩ ላይ ወደቅሁ። ዛሬም የሚቆጨኝ መደፋቴ ነው። ጋኖቹን አውጡ አላቸው። ሰባቱም ለፋሲካ የተጠመቀ ጠላ ሞልተው ነበር። የመጀመሪያውን ራሱ በድጅኖ መታው። የቀሩትን እነሱ ጨረሷቸው።

ጠላው ግቢዬን አጥለቀለቀና ወዴት ሄደ? ወደ ቦዩ። ቦይ ላጸዳ ብሎ የመጣ ሰው የሰባት ጋን ጠላ ቦዩ ውስጥ ገለበጠ። አንጓች በአጥሩ ቀዳዳ ታይ ነበር። የዚያን ዓመት ፋሲካ የሰፈሩ ጠጪ ሁሉ እሷ ግቢ ዋለ። ዘፈናቸው እኔ ቤት ድረስ ይሰማል።

ከጎረቤቶቼ ሊያጽናኑኝ የመጡት መሪጌታ ውቤ ነበሩ። ከደሴቶቹ አንዱ ላይ ባለ ቤተ ክርስቲያን ያገለገሉ፣ በስተርጅና ከልጃቸው ጋር ሰፈራችን የገቡ ሰው ናቸው። «ልጄ፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው፤ ለእግዜር ስጭው» አሉኝ። እሺ አባቴ አልሁ። እሳቸው ከወጡ በኋላ ገሉን አንድ በአንድ ለቅሜ ከቤቴ ጀርባ ከመርሁት። ምን ልታደርጊው ነው ያለኝ ሰው ሁሉ እብድ ሳልመስለው አልቀረሁም። እንዳልረሳ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጉልት ሽንኩርትና ቃሪያ እየቸረቸርሁ ስኖር አንድ ቀን የቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። ሳይመጣ የቀረ ስለሚጠየቅ ሁላችንም ሄድን። ግርማ የሚባል ባለሙያ፣ የሐረር ልጅ፣ ከመንግሥት ተልኮ መጥቶ ነበር። በከብት እበትና በቤት ቆሻሻ እሳት ይሠራል አለን። ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ቆሻሻው በውሃ ተበጥብጦ ገብቶ፣ አየር እንዳያገኝ ከተከደነ ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ በቧንቧ ምድጃ ድረስ ይመጣል፤ ማገዶ ቀረ ማለት ነው አለ። ለሙከራ ግቢዋን የምትሰጥ፣ ላም ያላት ሴት ይፈልጋል።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ፈንታሁን ከፊት ካለው ጠረጴዛ ተነሥቶ፣ እኛ ቆሻሻን እናስወግዳለን እንጂ ወጥ አንሠራበትም አለ። ተጨበጨበለት። እኔ እጄን አወጣሁ። ባለሙያው ካስረዳው ግማሹ አልገባኝም። እጄን ያወጣሁት ፈንታሁን ስለሳቀ ነው። እሱ የሳቀበት ነገር ሁሉ ለእኔ ይሆነኛል ብዬ ነው።

ቁፋሮው ሁለት ሳምንት ፈጀ። ጉድጓዱ በጡብና በሲሚንቶ ተገነባ፤ ላዩ ላይ ትልቅ የብረት በርሜል ተደፋበት። ጋዙ ሲበዛ በርሜሉ ሽቅብ ይነሣል፣ ሲያልቅ ይወርዳል። ግርማ ለመሠረቱ የሚጠቀጠቅ የተሰባበረ ነገር ሲፈልግ ገሌን አሳየሁት። የሰባቱን ጋን አንገት ግን አልሰጠሁትም። እነሱ ሳይሰበሩ የቀሩ ትልልቅ ቁራጮች ነበሩ። በጉድጓዱ አፍ ዙሪያ፣ ሰው እንዲያያቸው ወደ ውጭ አድርጎ በሲሚንቶ እንዲያጣብቃቸው ለመንሁት። ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። ጨዋ ሰው ነበር።

ከዚያ ቆሻሻ መልቀም ሆነ ሥራዬ። ጠዋት ጠዋት እበቱን በውሃ እበጠብጣለሁ። ከየቤቱ ልጣጭ፣ የተበላሸ እንጀራ፣ የጎመን ግንድ እሰበስባለሁ። ሴቶቹ መጀመሪያ እየሳቁ፣ ኋላ ደጃቸው ስለጸዳላቸው ደስ እያላቸው ይሰጡኝ ጀመር። በወሩ አካባቢ በርሜሉ ተነሣ። ምድጃው ላይ ክብሪት ስጭር ሰማያዊ እሳት ቦግ አለ። ጭስ የለ፣ ሽታ የለ። መሪጌታ ውቤ ሊያዩ መጥተው አማተቡና ከምን እንደሚወጣ ጠየቁኝ። ነገርኋቸው። «ያው ሁሉም ወደ መሬት ተመላሽ ነው፤ ይኸኛው መንገዱን ሲሄድ ወጥ ሠርቶ ያልፋል» አሉ።

እሳቱን ካገኘሁ በኋላ ሁለት እንስራ ተውሼ ጥቂት ጥቂት ጠላ መጥመቅ ጀመርሁ። አተላው ወደ ጉድጓዱ ስለሚገባ ፈንታሁን የሚለው አጣ። በዚህ ጊዜ ነው የሞኝ ሥራ የሠራሁት። አንድ ቀን ጉድጓዱ መግቢያ ላይ ጆሮዬን ብጥል ድፍድፍ እንደያዘ ጋን ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ይህማ የኔው ሙያ ነው አልሁ። ጠላ ሲዘገይ ምን አደርጋለሁ? ጌሾ እጨምራለሁ። በርሜሉ ከአጥር በላይ እስኪታይ ተነሥቶ ፈንታሁን እንዲያየው ቸኩዬ ነበር። የተወቀጠ ጌሾ በቁና ገለበጥሁበት፤ የሳምንቱን አተላም አንድ ጊዜ ደፋሁት።

በሦስተኛው ቀን በርሜሉ ቁጭ አለ። እሳቱ ጠፋ። ጉድጓዱ እንደ ሆመጠጠ ጠላ መሽተት ጀመረ። ፈንታሁን በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ «ጋንሽ አሁንም ተሰበረ እንዴ?» አለኝ። ያቺን ቃል ከፊተኛው ቂም ላይ አስቀመጥኋት።

ግርማ ሲመጣ ያደረግሁትን ደብቄ ነበር፤ ሽታው አጋለጠኝ። እንባው እስኪፈስ ሳቀ። «እትዬ የሺ፣ ይሄ ጋን አይደለም፤ የላም ሆድ ነው። ላምዎን ጌሾ ያጠጧታል?» አለኝ። ሆዱ ስለቆመጠጠ አተላ እንዳቆም፣ አዲስ እበትና አመድ እየጨመርሁ እንድጠብቅ ነገረኝ። የኔ ምድጃ አመድ ካየ ሰንብቷል። ከየጎረቤቱ ለመንሁ። አንጓች የሰማች ይመስለኛል፤ አንድ ጠዋት አንድ ሰፌድ አመድ በአጥሩ ላይ አቀበለችኝ። ተቀበልኋት፤ አላመሰገንኋትም።

ጉድጓዱ ዳነ። ከዚያ ወዲህ በልኩ መገብሁት። በዚያ ክረምት ያገኘሁትን ጥቅም ሳልናገር የኖርሁት ምቀኛ እንዳይሰማ ብዬ ነበር፤ አሁን ግን ልናገር። የማገዶ ሴቶች ከዘጌ በታንኳ የሚያመጡት እንጨት እያነሰ፣ ደኑ እየሳሳ ነበር። እኔ እንጨት ተውሁ። ዓይኔን ሲያቃጥለኝ የኖረው ጭስ ቀረ፤ ትንሿ ልጄን ሌሊት የሚያፍናት ሳል ተዋት። ቦዩ ጠራ፤ ዝንቡ ሄደ፤ ከቦዩ አፍ በታች ውሃ የሚቀዱት ሴቶች ሽታው እንደጠፋ እነሱው ነገሩኝ። ከጉድጓዱ በሌላው በኩል የሚወጣውን ጭቃ ጌሾዬ ሥር ሳፈስ ቅጠሉ እንደ መዳፍ ሰፋ። የሰው ጥራጊ ይህን ሁሉ መሥራቱ ይገርመኛል። ያን ጊዜ ግን ከዚህ ሁሉ በላይ ደስ ያለኝ የፈንታሁን ፊት ነው።

ቀኔ በመስከረም መጣ። የአብዮት በዓል ነው። ከአውራጃ የሚመጡ ጓዶች ቀበሌያችንን ጎብኝተው ምሳ ፈንታሁን ቤት እንዲበሉ ተወሰነ። ለአዲስ ዓመት ዋዜማ የጀመረ ዝናብ አላባራ ብሎ ሰነበተ። ማገዶ በመላው ሰፈር ረጠበ። በበዓሉ ጠዋት የእነ ፈንታሁን ማዕድ ቤት በጭስ ብቻ ተሞልቷል፤ እሳት አልያዘም። የስድስት ዶሮ ሥጋ ተገንጥሎ ተቀምጧል።

አንጓች በር ላይ መጣች። ነጠላዋ በጭስ ሸቷል፣ ዓይኗ ቀልቷል። ድስቱን ምድጃሽ ላይ ልጣድ፣ እንግዶቹ ሳይበሉ ቢሄዱ ባሌን ምን ይሉታል ብላ ለመነችኝ። አሳዘነችኝ ብል ውሸት ነው። ደስ አለኝ። እሷ እንደማትበቃኝ፣ ባሏ ራሱ መጥቶ እንዲጠይቀኝ ነገርኋት።

ፈንታሁን መጣ። ለበዓሉ የተተኮሰ ካኪ ለብሷል። ምድጃውን እንዳውሰው እንደ ሊቀመንበር ጠየቀኝ። ጋዝ እንዳለቀ ነገርሁት፤ ጉድጓዱ ካልበላ እሳት አይሰጥም አልሁት። ለአዲስ ዓመት ያረዳችሁት በግ ፈርስ አለ፣ የሰሞኑ የቤታችሁ ጥራጊ አለ፤ በጆንያ ሞልተህ፣ በራስህ ትከሻ፣ በዋናው በር ዞረህ አምጣ። በአጥሩ አሾልከህ ብትሰጠኝ አልቀበልም አልሁት።

ጊዜ አልነበረውም፤ አመጣ። ፈርሱ በጆንያው እየሾለከ በካኪው ጀርባ ወረደ። ሰው በየበሩ ቆሞ ያያል። አንዲት ሴትዮ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ጆንያውን ከጉድጓዱ አጠገብ ሲያወርድ ዓይኑ ከጋኖቹ አንገት ላይ አረፈ። አወቃቸው። ከእኔ ጋር ዓይን ለዓይን ተያየን።

እውነቱን አሁን ልናገር። በርሜሉ ሙሉ ነበር። ለበዓሉ ቀድሜ አብስዬ ስለነበር ሦስት ቀን አላበሰልሁበትም። ያን ዕለት የገባው ፈርስ ጋዝ የሚሆነው ከብዙ ቀን በኋላ ነው። እኔ አውቃለሁ፣ ግርማ ያውቃል፣ ፈንታሁን አያውቅም። ግርማ ያን ጠዋት ቧንቧውን ሊያይ መጥቶ ነበር፤ ፊቱን አዙሮ ሲስል ሳቅ መሆኑን አወቅሁ።

ዶሮው ምድጃዬ ላይ ደረሰ። እንግዶቹ በሉ። ከመካከላቸው አለቃው፣ ወፍራም፣ ድምፁ የጎረነነ ሰው፣ በዚህ ዝናብ ጭስ ያልነካው ወጥ ከየት መጣ ብሎ ጠየቀ። ፈንታሁን ካኪውን ቀይሮ ተቀምጧል። የቀበሌያችን የጽዳት ኮሚቴ ቆሻሻን ወደ ኃይል የሚለውጥ ጉድጓድ አስቆፍሯል ብሎ መለሰ። ይህን የነገረችኝ ኋላ አንጓች ናት። «ኮሚቴው» ሲል ፊቷን ወደ ማዕድ ቤት እንዳዞረች ነግራኛለች።

እንየው ተባለና ሁሉም ግቢዬ ገቡ። ፈንታሁን ማስረዳት ጀመረ፤ ሁለት ቃል ሳይሄድ ተደናበረ። አለቃው ወደ እኔ ዞረ። እኔ ነገርሁት፤ ስለ እበቱ፣ ስለ ልጣጩ፣ ስለ አተላው፣ ስለ ጌሾው ስህተቴ ሳይቀር። ሳቀ። በርሜሉን ዞሮ ሲያይ ቆየና «ይህ ዙሪያውን ያለው ሸክላ ምንድን ነው?» አለ።

ግቢው ጸጥ አለ። የዚያ ዘመን ሰው ይህን ጸጥታ ያውቀዋል። አንድ ቃል ሰው እስር ቤት ያስገባል፤ የገባ ሁሉ አይወጣም። የድሃ ንብረት በግል ጥቅም አወደመ፣ የሕዝብን ሥራ የኔ ነው ብሎ ዋሸ ብል ኖሮ ፈንታሁን ያን ቀን ቤቱ አያድርም ነበር። ያን ቀን ስጠብቅ ኖሬያለሁ። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። ዞር ብል አንጓች የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ይዛለች። ያ የሰፌድ አመድ ትዝ አለኝ፤ ትዝ ስላለኝ ተናደድሁ።

«የእናቴ ጋኖች አንገት ነው፤ ሰባት ነበሩ። የሰበራቸው ሰው እዚህ አለ፤ አፍ አለው፣ ራሱ ይንገርህ» አልሁ።

ፈንታሁን ወደ አንገቶቹ አየ። በመጨረሻ «እኔ ነኝ» አለ። ከዚያ ስለ ጽዳት ዘመቻ ሊያስረዳ ሲል አለቃው በእጁ ዝም አሰኘውና ምን ይደረግ ትያለሽ ብሎ እኔን ጠየቀኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ለድሃ ሴት የሚቀርብበት ቀን ብዙ አይደለም።

«ቆሻሻ ያምጣ» አልሁ። «በየቅዳሜው የሰፈሩን ሁሉ ጥራጊ ሰብስቦ፣ በትከሻው።»

አለቃው በሳቅ ተንፈራፈረ። የጽዳት ኮሚቴ ሊቀመንበር አይደለህም እንዴ፣ ሥራህ ነው ብሎ እዚያው አዘዘው። ሌሎቹም አብረው ሳቁ። ፈንታሁን አልሳቀም። እኔም አልሳቅሁም።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ቅዳሜ የኔ በዓል ሆነ። በርጩማዬን በር ላይ አወጣና እጠብቀዋለሁ። ከየቤቱ ለቅሞ ጆንያውን ተሸክሞ ይመጣል። አላዝንለትም ነበር። ድንጋይ አለበት ብዬ አስመልሼዋለሁ፤ አጥንቱን ለይ ብዬ ፀሐይ ላይ አስቀምጬዋለሁ። መሪጌታ ውቤ አንድ ቅዳሜ ይህን አይተው፣ ልጄ አሁንስ አይበቃም ወይ አሉኝ። ገና ነው አባቴ አልኋቸው። አንገታቸውን ነቅንቀው ሄዱ።

በፈንታሁን ትከሻ የመጣው ቆሻሻ ግን ሰፈሩን ለወጠው። ሌሎች ሁለት ሴቶች ጉድጓድ አስቆፈሩ። አንጓች ማክሰኞና ሐሙስ እኔ ምድጃ ላይ አሻሮዋን ትቆላ ጀመር። እንዴት እንደጀመረች አላስታውስም፤ አንድ ቀን መጣች፣ አላባረርኋትም።

ዓመታት ሄዱ። ደርግ ወደቀ። ቀበሌው ተዘጋ፤ ፈንታሁን ተራ ሰው ሆነ። የመጀመሪያው ቅዳሜ በርጩማዬን አውጥቼ ተቀመጥሁ። አልመጣም። የሚያዝዘው የለም፣ ለምን ይመጣል? ሁለተኛውም ቅዳሜ አልመጣም። እንዴት እንደተናደድሁ አልነግራችሁም። ያለኝ በቀል ከእጄ የተወሰደ መሰለኝ። ስንት ዓመት ቆሻሻ ሲያሸክመው የኖረው ትእዛዝ ብቻ ከነበረ፣ እኔ ከሱ ያገኘሁት ምንድን ነው እያልሁ ከራሴ ጋር ስከራከር ሰነበትሁ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ከመርከቡ ማረፊያ በኩል አንድ ሰው አጎንብሶ መጣ። ጀርባው ላይ በገለባ የተጠቀለለ ነገር አለ። ፈንታሁን ነው። አርጅቷል። ግቢዬ ገብቶ ቀስ ብሎ አወረደው። ጋን ነው፤ የቁንዝላ ሸክላ፣ አዲስ። በመርከብ ሄዶ ራሱ መርጦ፣ ሁለት ቀን እዚያ አድሮ፣ እንዳይሰነጠቅ መርከቡ ላይ እቅፉ ውስጥ አድርጎ እንደመጣ ሚስቱ ነገረችኝ። እሱ ግንባሩን በእጁ ጠረገ።

ጋኑን በጥፍሬ መታሁት። ድምፁ ጥሩ ነበር።

«ስድስት ይቀርሃል» አልሁት።

ራሱን ነቀነቀና ወጣ። በዓመቱ ሁለተኛውን አመጣ። ከዚያ ሦስተኛውን። አራተኛውን ያመጣው በምርኩዝ እየተረዳ ነው፤ ጋኑን የተሸከመለት ሌላ ሰው ነበር። አጠፋሁ ብሎኝ አያውቅም። ይቅር ብየሃለሁ ብየው አላውቅም። በየዓመቱ ጋኑን በጥፍሬ እመታለሁ፣ የቀረውን እቆጥርለታለሁ፣ ይሄዳል። በአምስተኛው ዓመት ክረምት ላይ ሞተ።

የተዝካሩን ጠላ እኔ ነኝ የጠመቅሁት፤ እሱ ባመጣቸው አራት ጋኖች። በርሜሉ ዝጎ ስለነበር ያ ጉድጓድ ለመጨረሻ ጊዜ ያነደደው ለዚያ አሻሮ ነው። አሁን ጉድጓዱ ተደፍኗል፤ ላዩ ላይ ጌሾ ተክዬበታለሁ። ሰባቱ አንገቶች ግን ዙሪያውን እንዳሉ ናቸው።

ተዝካሩ ሲያበቃ አንጓች ጎኔ መጥታ ተቀመጠች። ነገሩን ለካ ስታብሰለስለው ኖራለች። ሦስቱ ጋን ሳይሞላ ሄደ፣ በሰማይ ትይዥበታለሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ፊቷን አየሁት። ያ አጥር፣ ያ ፋሲካ፣ ያ «ጋንሽ አሁንም ተሰበረ እንዴ» የሚለው ቃል ሁሉ መጣብኝ። ሦስቱ ዱሮም ያፈስሱ ነበር፣ እሱ ባይሰብራቸው እኔው እጥላቸው ነበር አልኋት። እጄን ሳመችኝና እያለቀሰች ሄደች።

አሁን ብቻዬን ስሆን ይህን ያልሁበትን ቀን አስባለሁ። እንደተሸነፍሁ ይሰማኛል፤ ደግሞ ቀለል ይለኛል፤ የትኛው እንደሚበልጥ አላውቅም። አንጓች ዛሬ በሕይወት የለችም፤ ስለዚህ ብጽፈው ማንንም አልጎዳም። ዋሽቻታለሁ። ከእናቴ ጋኖች አንዱም አያፈስም ነበር።